ተራ ቁጥር ሰባት

ልጅቷ ትሑት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲው ቅጽ ይዛ የመጣች፣
ከካውያው አጠገብ ባለችው በርጩማ ፈራ ተባ እያለች ተቀመጠች።
«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥያቄው አሥራ ሁለት ነው።»
ፔዳሉን መርገጤን ሳላቆም፣ «ጠይቂ» አልኳት፣ «መጠየቅ ምን ዕዳ አለው።»

ስም፦ ዩስሪ አብዱሰመድ።
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፤ በመኪና ግርግር ለጨርቅ ሁሉ ዘመድ።
ዕድሜ፦ አርባ ሦስት።
በሽታ፦ የጉሮሮ ካንሰር፤ እኛ ግን «ያ ነገር» ነበር የምንለው፣ እስከ መጨረሻው ሌሊት።
እንዲህ እያለች ወረደች፤ እስክሪብቶዋ ቆመ፣ ተራ ቁጥር ሰባት፦
«ሟች በሕይወት ቢኖሩ ስንት ዓመት ይሠሩ ነበር? ገቢያቸውስ ስንት?»

ለመልሱ የተተወው መስመር ከቁልፍ ቀዳዳ ይጠባል፤
በዚህ አባቴን እንዴት ላሾልከው? ትከሻው የት ይገባል?

እስኪ ጻፊ አልኳት።

ነሐሴ ነበረ፣ የዩኒፎርም ወር፤ ከአባድር እስከ ሸዋ በር
የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቁመቱን አስለክቶ፣ ሰማያዊ ለብሶ ሊማር።
ዳቦው እንደ ክር ቋጠሮ ደረቱ ላይ ይያዛል፤
ፋርማሲው «ጨጓራ ነው» እያለ የሚታኘክ ነጭ ክኒን ይሰጠዋል።
እናቴ «ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ» ስትለው፣ መርፌ በጥርሱ ነክሶ፣
«አንድ ቀን ብቀር ሃያ ልጅ ከበር ይመለሳል፣ ያምና ሱሪውን ለብሶ።»
መስከረም ጥቅምትን፣ ጥቅምት ኅዳርን እንደ ገበር ደርቦ፣
ሐኪም ሲያየው ያ ነገር ከውስጥ ተሰፍቷል፣ በድርብ ክር ተተብትቦ።

ሦስት የስፌት መኪና ነበረን።
አንዱ ለምርመራ ተሸጠ፤ ሁለተኛው ለአዲስ አበባ መንገድ፣
ለአልጋ፣ ለስምንት ወር የጨረር ወረፋ፤ ጨረሩ ሳይነካው ቀድሞ ለመንደድ።
እሱ የጠበቀው ሦስት ወር ነው።
«ዩስሪ አብዱሰመድ ነገ ይምጡ» ተብሎ ተደወለ በስምንተኛው ወር፤
እናቴ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ሌላ ምን ትበል፣ ለማን ትናገር?

ጃቢርን ጻፊ። አምስት ዓመት ተምሮ፣ የቀረው ኪስና አንገትጌ ነበር፤
አሁን ሲሚንቶ ያራግፋል፤ ጣቱ ሻክሮ ክር ይበጥሳል፣ በመርፌ ዓይን ሊያሳልፍ ሲሞክር።
እትዬ ወይንሸትን ጻፊ፣ ቁልፍና ዚፕ የምታቀርብልንን፤
ሐጂ ዑመርዲንን፣ ከድሬ ጣቃ በዱቤ የሚልክልንን፤
አፎቻውን ጻፊ፣ ቀብሮ፣ አስተዛዝኖ፣ ሣጥኑ የጎደለበትን።
እኔንም፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል የቀረሁትን፣ ከነፊዚክስ መጽሐፌ፣
የሌላ ልጅ ዩኒፎርም የምሰፋውን፣ የራሴን ካርቶን ውስጥ አጣጥፌ።

ያ የተንጠለጠለው ኮት የሙሽራ ነው። ቀብዱን በልተናል።
በጠመኔ ምልክት አድርጎበታል፤ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጭረት፣ ሌላው ማጭድ ይመስላል።
ጃቢር ማንበብ አቃተው። እኔንም። የመንገዱ ሰፊዎች ተራ በተራ አዩት፤
«ይኼ የዩስሪ ፊደል ነው» አሉና ወደ መስቀያው መለሱት።
በስንት ብር ይገመታል፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያነበው ጽሕፈት?
ሙሽራው በኪራይ ኮት አገባ፤ እጅጌው ጣቱን ዋጠበት።

ልጅቷ ጽፋ ጽፋ፣ ኅዳጉ ሲሞላባት ስልኳን አወጣች።
ሃያ ሁለት ዓመት በአሥራ ሁለት ወር አባዛች።
ቁጥሩን አሳየችኝ። ረጅም ነው፣ ከስልኩ ጠርዝ ሊወጣ የሚጥር፤
ደነገጥኩ። አባቴ ይህን ያህል ሀብታም ነበር?
በቁመናው ሳለ አንድም ሰው እንዲህ አልደመረውም፤
ለካስ ይህን ሁሉ ብር ተሸክሞ ኖሯል፤ የምርመራው ግን አልነበረውም።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ሳይጠየቁ ቀሩ።
አመስግና ወጣች። ከደጃፉ ተመለሰች፤ የቀሚሷ ጠርዝ ተተርትሮ ነበር።
ሰፋሁላት። «ስንት ነው?» አለችኝ።
ይኼንን እንኳ አውቀዋለሁ።
ሃያ ብር።